ባሕር ዳር በሰፈሮቿ ስትነበብ፦ የሐይቁ ዳርቻ ባለቤት ማን ነው?

ለወንበርማ፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም አርሶ አደር ባሕር ዳር በቆሎና በርበሬ የሚጫንላት፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባባት፣ ሕመም ሲጠና በሪፈር የሚላክባት የክልል መዲና ናት። ከሽንዲ ተነሥቶ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ለሚደርስ መንገደኛ ከተማዋ አንድ ወጥ መስላ ትታያለች። ሰፈሮቿ ግን በልዩ ልዩ ዘመን፣ በልዩ ልዩ እጅ የተመሠረቱ ናቸው። የኮሪደር ልማት ወደ ጣና ዳርቻ በደረሰበት በዚህ ወቅት የእያንዳንዱን ሰፈር አመጣጥ ማወቅ ለካሳና ለመልሶ ማቋቋም ውሳኔ ያስፈልጋል።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአቀማመጧ ነው። አማርኛ ሐይቁንም ባሕር ይለዋልና ባሕር ዳር የጣና ጠርዝ ማለት ነው። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የነበረችው በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰባሰበች መንደር ነበረች። ከመንደሯ ጎን በሐይቁ ዳርቻ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይኖር ነበር። ማኅበረሰቡ ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማስገርና ከደንገል ታንኳ በመሥራት ይተዳደር እንደነበር የውጭ ተጓዦች ሳይቀሩ መዝግበዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ ወይጦዎች ከጻፉት አንዱ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣሊያ ጦር መንደሯን ወታደራዊና አስተዳደራዊ ጣቢያ አደረጋት። ዓላማው ጎጃምን በሐይቁ በኩል ከጎንደር ጋር ማገናኘት ስለነበር የጀልባ ማረፊያ ተሠራ፤ ወደ ጎርጎራ የሚደረገው ጉዞም በሞተር ጀልባ ሆነ። የታንኳ መተላለፊያ የነበረው ዳርቻ ያን ጊዜ ወደብ ሆነ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ በ1950ዎቹ መጣ። በ1953 ዓ.ም. ከኢጣሊያ በተገኘው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተርና ባልደረቦቻቸው የከተማዋን መሪ ፕላን ያዘጋጁትም በዚያው ዘመን ነው። የዛሬዎቹ መጠሪያዎች ይህን ታሪክ ይዘዋል። «ፖሊ» የፖሊቴክኒኩ፣ «ፔዳ» ደግሞ በ1965 ዓ.ም. የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ የፔዳጎጂ አካዳሚ ቅጽል ናቸው። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነው ቢዋሐዱም የሰፈሩ ሰው የቀድሞውን ስም አልተወም።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ከተማዋ በቀበሌ ተከፋፍላ ሰፈሮቿ ቁጥር ወጣላቸው። በኋላ የክልሉ መዲና ሆና ስትሰፋ በዓባይ ማዶ ያለው ሰፈር አደገ፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይም ይበልጥ ከመሀል ከተማው ጋር አስተሳሰረው። ዛሬ ክፍለ ከተሞቹ በነገሥታት፣ በአርበኛ፣ በወንዝና በሐይቅ ስም ይጠራሉ። ከሁሉ ቀድሞ በዳርቻው የሰፈረው የወይጦ ማኅበረሰብ መታሰቢያ የሆነ ክፍለ ከተማ ግን የለም።

የስያሜው ጉዳይ ከመብት ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳን የሚያያይዘው ከሕጋዊ ይዞታ ጋር ነው። አዋጁ ከንብረት ካሳ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ክፍያ እንዲኖር መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ወደዚያ መብት የሚያስገባው በር የይዞታ ማረጋገጫ ነው። የወንበርማ አርሶ አደር መሬቱ ለልማት ሲፈለግ የይዞታ ደብተሩን አውጥቶ ይከራከራል። የደንገል አጫጁ ማሳ ግን ውኃውና ረግረጉ ነው፤ ለረግረግ ደብተር የሚሰጥ የለም። አባቶቹ ለብዙ ትውልድ የተጠቀሙበት ዳርቻ በመዝገብ ላይ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይታያል።

ረግረጉ ራሱም እየሳሳ ነው። ግንባታው፣ ውኃው ሲሸሽ እየተከተለ የሚሄደው እርሻና ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ደንገሉን አጥብበውታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ አንዱ ዓላማ ተፈጥሮን ከነዋሪው ኑሮ ጋር አስታርቆ መጠበቅ ነበር። ደንገል ዓሣ ይራባበታል፣ ከላይ የሚመጣውን ደለል ያስቀራል፣ ታንኳና ሰሌን ይሆናል። ደንገሉ ከጠፋ ቀረሶና አምባዛ የሚያሰግረውም፣ ሰሌን ሠርታ የምትሸጠዋም አብረው ይጎዳሉ።

የሐይቁን ዳርቻ ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት ማድረግ ለነዋሪው ሁሉ ጥቅም እንዳለው አያከራክርም። ልማቱ የተሟላ የሚሆነው ግን ሦስት ነገሮች ሲታከሉበት ነው። አንደኛ፣ ከይዞታ ወረቀት ውጭ ያለው የረጅም ዘመን አጠቃቀም ሰው ከቦታው ከመነሣቱ በፊት በአገር ሽማግሌ ምስክርነት ሊመዘገብ ይገባል። ሁለተኛ፣ ለደንገል የሚሆን ረግረግ በፕላኑ ላይ ተለይቶ መከለል አለበት። ሦስተኛ፣ ተነሺው የሚሰፍርበት ቦታ ከውኃው መራቅ የለበትም፤ ዓሣ አስጋሪን ከሐይቅ ማራቅ ገበሬን ከማሳው እንደ መንቀል ነው።

ጉዳዩ ለባሕር ዳር ብቻ የሚተው አይደለም። ሽንዲ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላምም በሰፉ ቁጥር ፕላናቸው የዳር ቀበሌዎችን እርሻና የጋራ ግጦሽ መንካቱ አይቀርም። እርሻው በደብተር ይጠየቃል፤ የወል ግጦሹ፣ የውኃ መውረጃውና የቄጠማው መሬት ግን እንደ ጣና ደንገል የግል ደብተር የላቸውም። የእነዚህን ቦታዎች ተጠቃሚ ለይቶ የመመዝገቡ ሥራ መቅደም ያለበት መሐንዲሱ ችካል ከመትከሉ በፊት ነው።