ኤሊ አታለቅስም

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆቻችን አመጋገብ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ልጆች አጥብቀው ስለሚወዷት፣ ብዙዎቻችን ግን ምን እንደሚያስፈልጋት ስለማናውቅ የቤት እንስሳ እንነጋገር፤ ስለ ኤሊ።

ውሻ ሲርበው ይጮኻል፤ ድመትም እግራችን ሥር እየተሻሸች ትለምናለች። ኤሊ ግን አታለቅስም። ጉዳቷ የሚታየን ዘግይቶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድላት ካልሲየም ነው። ድንጋይ የሚመስለው ቅርፊቷ ከላይ የተደረበ ልብስ አይደለም፤ አጥንት ነው፤ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር አንድ ሆኗል። ካልሲየም ከምግቧ ካላገኘች ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ ይወስዳል። ያን ጊዜ ቅርፊቷ ይለሰልሳል ወይም ቅርጹ ይበላሻል፤ እግሮቿም ይዝላሉ።

«ታዲያ ካልሲየም እንስጣት» ስንል መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ወተት ካልሲየም አለው ብላችሁ አትስጧት፤ ሆዷ ወተት መፍጨት አይችልም። የግድግዳ ኖራ አፏንና አንጀቷን ያቃጥላል። ጄሶም ምግብ አይደለም፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔም ብዙውን ጊዜ ከጄሶ የተሠራ ነው። ለሰው የሚታዘዘው የካልሲየም ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት ነው። ይህ ቫይታሚን ሲበዛ በሰውነቷ ውስጥ ተጠራቅሞ ኩላሊቷን ይጎዳል።

ደኅንነቱ የተጠበቀው ነገር በየኩሽናችን አለ፤ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ከ100 እጅ 95 ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱን አጥባችሁ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፤ በውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ላጡና በደንብ አድርቁት። ከዚያ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ፍጩት፤ ስለታም ስባሪ እንዳይቀርበት። በሁለት ጣት የሚቆነጠር ያህል በምግቧ ላይ ነስንሱላት። በማደግ ላይ ላለች በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለአዋቂዋ 1 ጊዜ ይበቃል።

ዱቄቱ ግን የምግብን ቦታ አይተካም። በአገራችን ቆላማ ሥፍራዎች የምትገኘው፣ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ጠቃጠቆ ያለበት የየብስ ኤሊ ዋና ምግቧ ሣር ነው። የአበሻ ጎመን አልፎ አልፎ ጨምሩላት። የበለስ ወፍራም ቅጠልም እሾሁ ከተወገደ መልካም ነው፤ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ቁልቋል ግን አርቁ። ቆስጣ አታብዙባት፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርባታል። እንጀራ፣ ዳቦና ሥጋም የእርሷ ምግብ አይደሉም።

ካልሲየሙ ወደ አጥንቷ እንዲደርስ ፀሐይ ያስፈልጋታል። በቆዳዋ ቫይታሚን ዲ የምትሠራው በፀሐይ ብርሃን ነው። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ፀሐይ ለዚህ አይረዳትም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ደጅ አውጧት፤ ሲሞቃት የምትጠጋበት ጥላም አይጥፋ።

በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳድጉት በጆሮዋ አካባቢ ቀይ መስመር ያላትን የውኃ ኤሊ ነው። ለእርሷ በእንስሳት ዕቃ መደብር ለወፎች የሚሸጠውን ነጭ የካትልፊሽ አጥንት ግዙላት። ከጀርባው ያለውን ጠንካራ ሽፋን አንሥታችሁ በውኃው ላይ አንሳፍፉት፤ በፈለገች ጊዜ ትነክሰዋለች። ቤት ውስጥ ስለምትኖር ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር የሚሰጥ መብራት ያስፈልጋታል። አምፖሉ እየበራም ጨረሩ ስለሚደክም በአምራቹ መመሪያ መሠረት በጊዜው ይቀየር።

እናቶች ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ። ጤነኛ በምትመስል ኤሊ ላይም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ በ1975 እ.ኤ.አ. የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕፃናት ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ ይከቱ ነበርና። ልጆች ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ዕቃዋ በኩሽና መታጠቢያ አይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ያሉትም አይንኳት።

በመጨረሻም ለባልና ሚስት፦ ልጃችሁ ኤሊ ሲጠይቃችሁ ቶሎ «እሺ» አትበሉ። የየብስ ኤሊ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ሣሩን ማን ያመጣል? ፀሐይ ላይ ማን ያወጣታል? በሳምንት አንድ ቀን ቅርፊቷን ማን በጣቱ ጫን እያለ ይመለከታል? አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሸክሙን በልጁ ላይ ብቻ አትጣሉት። ቅርፊቷ ለስልሶ ካገኛችሁት ዱቄት በመጨመር ጊዜ አታባክኑ፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ልጃችሁም ለማታለቅስ ፍጥረት መጠንቀቅን ከእናንተ ይማራል።