በማሳ የተፈቀደ፣ በሱቅ የሚከለከል፦ የአሜሪካ ሄምፕና የ0.3 ከመቶ ሕግ

ሄምፕ ስለሚባለው ተክል ከውጭ አገር የሚመጣው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ገበሬው ገንዘብ አግኝቶበታል፤ ከአበባው የሚወጣው ዘይት በየሱቁ ይሸጣል ይባላል። ከዚህም በመነሣት ተክሉ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይበጅ እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወሬው ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። በአሜሪካ አገር በሙሉ የተፈቀደው ተክሉን በፈቃድ መዝራት ሲሆን፣ ከተክሉ የተሠራውን ዕቃ ለተጠቃሚ መሸጥ ግን በየክፍለ ግዛቱ በተለያየ ሕግ የሚገዛና ከ2018 ወዲህ ረግቶ የማያውቅ ጉዳይ ነው። እኛ እንደምናየው የችግሩ ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም ለማሳ የተሠራ መለኪያ ለሱቅ ዕቃ መዋሉ ነው። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ሄምፕና ማሪዋና ሁለት ተክሎች አይደሉም። ሁለቱም ካናቢስ ሳቲቫ የሚባለው አንድ ተክል ናቸው። በአገራችን ለዚሁ ተክል «ዕፀ ፋርስ» የሚል ስም ሲሰጥ ይሰማል፤ በብዙ ቦታ ግን ዕፀ ፋርስ የሚባለው በማሳ ዳርና በቆሻሻ መጣያ የሚበቅለው መርዘኛው አስተናግር ስለሆነ፣ የልማት ሠራተኛው ስሙን ሲሰማ ስለ የትኛው እንደሚነገር ማጣራት አለበት። ሄምፕን ከማሪዋና በሕግ የሚለየው የቅጠሉ ቅርጽ ወይም የቁመቱ ልክ ሳይሆን፣ በሴቴው አበባ ሙጫ ውስጥ የሚገኘው ቲ.ኤች.ሲ. የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር መጠን ነው። በዚያው ሙጫ ውስጥ የሚገኘው ሲ.ቢ.ዲ. ግን አያሰክርም፤ ገበያው በመጀመሪያ የተነሣውም በእርሱ ነው።

በ2018 በወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ መሠረት፣ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 0.3 የማይበልጥ ዴልታ 9 ቲ.ኤች.ሲ. ያለው ካናቢስ ሄምፕ ተብሎ ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር ወጣ። ይህ 0.3 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ኧርነስት ስሞል የተባሉ የካናዳ የዕፅዋት ተመራማሪና አሜሪካዊው አርተር ክሮንክዊስት በ1976 ተክሉን በሁለት ወገን ለመመደብ የተጠቀሙበት ቁጥር ነው። ያን ጊዜ የተለካውም የተክሉ ለጋ ቅጠል ነበር። ተመራማሪዎቹ ቁጥሩን ለአመዳደብ እንዲያመች አበጁት እንጂ፣ ከዚህ በታች አያሰክርም ከዚህ በላይ ያሰክራል አላሉም። ስለ ከረሜላና ስለ ለስላሳ መጠጥማ ጭራሽ አላሰቡም።

የደረቅ ክብደት ማለት ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻም፤ የእህል እርጥበት የለካ ሁሉ ያውቀዋል። አበባና ቅጠል ሲመዘን መለኪያው ትክክል ነው። ነገር ግን ከአበባው የወጣው ንጥረ ነገር ከስኳርና ከውኃ ጋር ሲደባለቅ ምን ይሆናል? 4 ግራም የሚመዝን አንድ ከረሜላ ከመቶ 0.3 ቢኖረው 12 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ. ይይዛል። 355 ግራም የሚመዝን አንድ ቆርቆሮ መጠጥ በዚሁ ስሌት ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። ሚኔሶታ የተባለው ክፍለ ግዛት ለአንድ ጊዜ የሚወሰደውን 5 ሚሊግራም ብሎ መወሰኑን ስናስብ የስሌቱ ከንቱነት ይታያል። ዕቃው በከበደ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው አስካሪ ነገር ይጨምራል፤ ፋብሪካውም ከሕጉ ወሰን ሳይወጣ የፈለገውን ያህል የሚያሰክር ዕቃ ይሠራል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከኬሚስትሪ የመጣ ነው። አስካሪ ያልሆነው ሲ.ቢ.ዲ. በአሲድ አማካይነት ዴልታ 8 ወደሚባል አስካሪ የቲ.ኤች.ሲ. ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ሕጉ በስም የጠራው ዴልታ 9ን ብቻ ስለነበረ ዴልታ 8 በነዳጅ ማደያና በትንንሽ ሱቆች ሁሉ ተሰራጨ። በ2022 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም ቃሉ እንደተጻፈ ሲነበብ ዴልታ 8 በሄምፕ ትርጓሜ ውስጥ ይገባል አለ። ሦስተኛው ቀዳዳ አበባው ራሱ ነው። በእሸቱ አበባ ውስጥ ያለው ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. የተባለ አሲድ ሲሆን፣ በራሱ ባያሰክርም እሳት ሲነካው ወደ ቲ.ኤች.ሲ. ይለወጣል። የመለወጫው ቁጥር 0.877 ነው። ስለዚህ ከመቶ 20 ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. እና ከመቶ 0.2 ዴልታ 9 ያለው አበባ ሄምፕ ተብሎ ሲሸጥ፣ ገዢው ሲያጨሰው ከመቶ 17 በላይ ቲ.ኤች.ሲ. ያለው ማሪዋና ማለት ነው።

እዚህ ላይ በገበሬው ላይ የደረሰው አድልዎ ሊሰመርበት ይገባል። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር በ2021 ባጸናው ደንብ መሠረት የገበሬው ማሳ የሚለካው በጠቅላላ ቲ.ኤች.ሲ. ነው፤ ማለትም ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. ጭምር ተሰልቶ። ከመሰብሰቡ በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ናሙና ይወሰዳል፤ ከወሰኑ ካለፈ ሰብሉ ይወገዳል፣ ወይም አበባው ተለይቶ እንዲጠፋ ይደረጋል። ተክሉ ሲ.ቢ.ዲ.ንና ቲ.ኤች.ሲ.ን የሚሠራው ከአንድ መነሻ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ሲ.ቢ.ዲ.ው እየበሰለ ሲጨምር ቲ.ኤች.ሲ.ውም አብሮ ይጨምራል። ብዙ ሲ.ቢ.ዲ. ለማግኘት አጨዳውን ያዘገየ ገበሬ ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል። በሱቅ ግን ያንኑ አበባ የሚሸጠው ነጋዴ ሕጉ ዴልታ 9ን ብቻ ነው የሚለው እያለ ይከራከራል። ላብ ያፈሰሰው በጥብቁ መስፈሪያ፣ አትራፊው በላላው ተሰፈረ ማለት ነው።

በጤና በኩል የታየውም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዳስታወቀው፣ ከጥር 2021 እስከ የካቲት 2022 መጨረሻ ድረስ የመርዝ ቁጥጥር ማዕከሎች ስለ ዴልታ 8 ውጤቶች 2,362 ጥሪዎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከመቶ 41ዱ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን የሚመለከቱ ናቸው። ከረሜላ መስሎ የተሠራን ነገር ልጅ ቢበላው የሚያስደንቅ አይደለም።

የፌዴራሉ መንግሥት ነገሩን ሳያስተካክል ስለቆየ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። አይዳሆ ሄምፕ መዝራትን የፈቀደችው በ2021 ከሁሉም በኋላ ሲሆን፣ ለተጠቃሚ የሚሸጠው ዕቃ ግን ቲ.ኤች.ሲ. ጨርሶ የሌለበት እንዲሆን ትጠይቃለች። እዚያው አይዳሆ በጥር 2019 ከኦሪገን ወደ ኮሎራዶ የሚሄድ ከ3 ቶን በላይ ሄምፕ የጫነ መኪና ተይዞ ሾፌሩ ታስሮ ነበር፤ የ2018ቱ ሕግ ክፍለ ግዛቶች የሄምፕን ማለፍ እንዳያግዱ የሚል አንቀጽ እያለው። ካሊፎርኒያ ለሌላው ማሪዋና ፈቃድ የሰጠች አገር ሆና ሳለ፣ በመስከረም 2024 ባወጣችው አስቸኳይ ደንብ ከሄምፕ በተሠራ ምግብና መጠጥ ውስጥ በመሣሪያ የሚታይ ቲ.ኤች.ሲ. እንዳይኖር ከለከለች። በቴክሳስ ደግሞ ምክር ቤቱ በ2025 አስካሪ የሄምፕ ውጤቶችን የሚያግድ ሕግ ቢያወጣም፣ አገረ ገዥው ግሬግ አቦት ሰኔ 22 ቀን ውድቅ አደረጉት፤ በመስከረምም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ እንዳይሸጥ በትእዛዝ ወሰኑ።

ከሁሉም የሚሻለውን መንገድ የያዙት ሁለት ክፍለ ግዛቶች ይመስሉናል። ሚኔሶታ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከመቶ ይህን ያህል ማለቱን ብቻ ትታ በሚሊግራም ወሰነች፤ ለአንድ ጊዜ 5፣ በአንድ እሽግ 50፣ ገዢው 21 ዓመት የሞላው። ቨርጂኒያ ከ2023 ጀምሮ በአንድ እሽግ ከ2 ሚሊግራም የማይበልጥ ጠቅላላ ቲ.ኤች.ሲ.፣ ወይም ለአንድ እጅ ቲ.ኤች.ሲ. ቢያንስ 25 እጅ ሲ.ቢ.ዲ. እንዲኖር አዘዘች። ይህ የ25 ለ1 ደንብ ተክሉን በሚያውቅ ሰው የታሰበ ይመስላል። የሲ.ቢ.ዲ. ሄምፕ በማሳው ላይ ሁለቱን የሚሠራው በዚሁ ግድም ባለ መጠን ስለሆነ፣ ገበሬው ከአበባው ያወጣው ዘይት ያልፋል፤ በፋብሪካ አስካሪ ነገር የተጨመረበት ግን ይቀራል።

ገበያውም እንደ ሕጉ ሲዋዥቅ ኖሯል። የእርሻ ሚኒስቴሩ ቆጠራ እንደሚያሳየው የአገሪቱ የሄምፕ ምርት ዋጋ በ2021 824 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 ወደ 238 ሚሊዮን ወረደ። በሜዳ የተዘራውም መሬት ከ22 ሺህ ሄክታር ገደማ ወደ 11 ሺህ ተኩል ዝቅ አለ። ለዚህ ሕጉን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ሁሉም ተሻምቶ ስለዘራ የሲ.ቢ.ዲ. ገበያ አስቀድሞ ጠግቦ ነበር። በ2024 ዋጋው ወደ 445 ሚሊዮን ቢመለስም የአብዛኛው ምንጭ አበባው ነው። ቃጫውና ዘሩ ማንም የማይከራከርባቸው ሆነው ሳለ ድርሻቸው ጥቂት ነው። አንድ ገበሬ ኑሮውን በሚከራከሩበት የተክሉ ክፍል ላይ ሲመሠርት፣ የሚያርሰው መሬትን ብቻ ሳይሆን የጠበቆችን ክርክርም ጭምር ነው።

በኅዳር 12 ቀን 2025 የተፈረመው የበጀት ሕግ ትርጓሜውን ለወጠው። ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. ጭምር ይቆጠራል፤ ተክሉ ራሱ የማይሠራቸው ወይም ከተክሉ ውጭ የተመረቱ ንጥረ ነገሮች ከሄምፕ ይወጣሉ፤ የመጨረሻው ዕቃም በአንድ መያዣ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ጠቅላላ ቲ.ኤች.ሲ. አይኖረውም። ሕጉ እንዲጸና የተባለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በሚሊግራምና በመያዣ መለካቱን፣ ማሳውና ሱቁም በአንድ መስፈሪያ መሰፈራቸውን እንደግፋለን። 0.4 የሚለውን ልክ ግን አንደግፍም። 1,000 ሚሊግራም ሲ.ቢ.ዲ. ያለው አንድ ጠርሙስ ዘይት በተክሉ ተፈጥሯዊ ልክ 40 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ. ይኖረዋል፤ ማለትም ከወሰኑ መቶ እጥፍ። እንዲህ ያለው ወሰን የፋብሪካውን ማታለል ሲዘጋ የማያሰክረውን ዘይት የሚያመርተውንም ገበሬ አብሮ ይዘጋል። የሚኔሶታው ልክ ወይም የቨርጂኒያው የ25 ለ1 ደንብ ሁለቱን መለየት ይችል ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ1996 ዓ.ም. (እንደ እኛ አቆጣጠር) የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትንና ማዘዋወርን ያስቀጣል። ስለዚህ የውጭ ገዢ ተገኝቷል ተብሎ ዘር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም፣ የማኅበሩ የመጀመሪያ ጥያቄ የመንግሥት ፈቃዱ የት አለ የሚል ነው። ፈቃድ ቢኖር እንኳ ሌሎቹን ማስከተል ነው፦ የሚፈለገው ቃጫው ነው፣ ዘሩ ነው ወይስ አበባው? ዕቃው የሚሸጠው በየትኛው ክፍለ ግዛት ነው? ናሙናው ከወሰኑ ቢያልፍ ኪሳራውን ማን ይሸከማል? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ የሚሸከመው ገበሬው መሆኑን የአሜሪካ ማሳዎች አሳይተዋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ሱቅና ነዳጅ ማደያ ለያዙ ወገኖቻችንም ነገሩ ቅርብ ነው። ድልድይ ተሻግሮ ከቨርጂኒያ ዋሽንግተን፣ ከዚያም ሜሪላንድ መግባት ማለት ከሕግ ወደ ሕግ መግባት ነው፤ አከፋፋዩ «በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ» የሚል ወረቀት ስለሰጠ ባለ ሱቁ ከቅጣት አይድንም። እንዲህ ዓይነቱ ከረሜላ ለስጦታ ተብሎ በሻንጣ ወደ አገር ቤት ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል እንዳይጓዝ፣ ዘመድ ያላቸው የማኅበር አባሎች ቢነገራቸው መልካም ነው። በእነዚህ አገሮች ጉምሩክ የእሽጉ ጽሑፍ የሚፈይደው ነገር የለም።