ንድፉን የደበቀ ኪት ኪት አይደለም

ሞጁላር አናሎግ ድራም ማሽን «በራስህ ሥራው» ብሎ እየሸጠ የሰርኪዩት ንድፉን የሚደብቅ ዲዛይነር፣ ለእኔ ጠላ ጥመቁ ብሎ ጥንስሱን እንደሚደብቅ ሰው ነው። ቦርዱ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን እያየን እንበይዳለን፤ በቃ። ይሄ የፋብሪካ ጉልበት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ከፋዮቹ እኛው መሆናችን ነው።

የሮላንድን ቲአር-808 ተመልከቱ። የኪኩን ድምፅ የሚወስኑት ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ናቸው፤ ሬዚስተሩን ስትቀንሱት ድምፁ ይቀጥናል፣ ስትጨምሩት ይወፍራል። ሃይሃቱና ሲምባሉ ከስድስት ኦሲሌተሮች ይነሳሉ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ካውቤሉንም ይሠራሉ። ይህን ያወቀ ሰው ስድስቱን ለየብቻ አውጥቶ ሌላ ድምፅ ይፈጥራል። ሞጁላር ማለት ይሄ አይደል እንዴ?

ምቱም እንዲሁ ነው። በ16 በተቸነከረ ኪት ላይ በ6/8 የሚሄደውን ችክችካ ለመምታት፣ ቆጠራውን ከ12 በኋላ ወደ መጀመሪያው የሚመልሰው ሽቦ የቱ ጋ እንደሚገባ ማወቅ አለብኝ። ያለ ንድፍ ከየት አመጣዋለሁ?

«ንድፉ ከወጣ ይገለብጡናል» ይላሉ። ይገልብጡ! 808 ከ1980 እስከ 1983 ብቻ 12,000 ገደማ ተመርቶ ቆመ። ንድፉ ግን በጥገና መመሪያው ውስጥ ስለነበር ሰዎች ዛሬም ከዜሮ ይሠሩታል። «ጀማሪን ያስፈራል» የሚለው ደግሞ ንቀት ነው፤ ጀማሪ የሚፈራው ያልተነገረውን ነው።

ዲዛይነሮች፣ ንድፉን ከሳጥኑ ጋር ስጡን፤ ድምፁን የሚወስኑት ሬዚስተሮችም ነቅለን የምንቀይራቸው ይሁኑ። እናንተም ወዳጆቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ንድፉ የታለ?» በሉ። ከሌለ አትግዙ።