እንጦጦን በእግራችሁ ውጡት

«ተራራ መውጣት የሚሻ ወደ ስሜን ይሂድ፤ እንጦጦ ምን አለው?» የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ይህ አባባል ስሕተት ነው። እርግጥ ነው፣ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ግርማው ልዩ ነው። ሆኖም የአዲስ አበባ ተማሪ ወደዚያ ለመጓዝ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን ያስፈልገዋል፤ እንጦጦን ግን ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በግማሽ ቀን ወጥቶ ይመለሳል።

ተማሪዎች ሆይ! ስትወጡ አትቸኩሉ፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ትንፋሽ ያጥራል። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተራራው ግርጌ፣ በፍል ውሃው አካባቢ ለምን እንደ ተቆረቆረች የአምባው ብርድ ራሱ ያስረዳችኋል። በዙሪያችሁ የምታዩት ባሕር ዛፍም በ1880ዎቹ ዓ.ም. የማገዶን እጥረት ለማቃለል ከውጭ አገር የገባ ነው።

በመንገዳችሁ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ብታገኙ፣ ፈቀቅ ብላችሁ አሳልፏቸው። እናንተ ለመዝናናት የምትወጡት ዳገት ለእነርሱ የዕለት እንጀራ መንገድ ነው። በመኪና ሽው ብሎ የሚያልፍ ሰው የሸክሙን ክብደት ከቶ አይገምትም፤ ባዶ እጁን ወጥቶ ያለከለከ ግን ይረዳዋል።

ስለዚህ የሩቁን ተራራ ከመመኘታችሁ በፊት የደጃችሁን እወቁ።