ለሠርግ አንድ ወጥ ይበቃል

ገበሬው ወገኔ! ጥር የሠርግ ወር ነው። ልጅህን ስትድር ለእንግዳ ምን ታቀርባለህ? ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስ ሁሉ ይኑር ካልክ ድግሱ የእርሻ በሬህን ይበላብሃል። አንድ ጥሩ ወጥ ምረጥ።

መቁጠር ተምረሃልና እስቲ እናስላው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። ለ120 ሰው አንዳንድ ብልት ለማዳረስ 10 ዶሮ ያስፈልጋል፤ ሽንኩርቱና ቅቤው ሳይቆጠር። አንድ ብልት ደግሞ አያጠግብም። የበግ ቀይ ወጥ ግን ሥጋው በትንንሹ ተቆርጦ ለብዙ ሰው ይዳረሳል፤ መረቁም እንጀራውን ያርሳል። እኔ ቀይ ወጥ እላለሁ።

«ሰው ምን ይለኛል?» ትል ይሆናል። ሠርገኛው በልቶ ይሄዳል። ከጥማዱ አንዱን በሬ ካረድክ ወይም ከሸጥክ ግን ሌላው ብቻውን አያርስም። ሰኔ ሲመጣ መከናጆ ፍለጋ ደጅ ትጠናለህ።

ሴቶችንም አስብ። አራት ዓይነት ምግብ ለእነሱ አራት ድስት ነው፤ ማገዶውም ጭሱም በዚያው ልክ።

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን ከባለቤትህ ጋር አስቀድመህ ተማከር። የወሰናችሁትንም በደብተርህ ጻፍ። ፊደል የቆጠርከው ለዚህም ነው!