አሰልጣኙና የሰላት ሰዓት



ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የስፖርት መምህራችን ከሜዳ እንደመጣ አጠገቤ ተቀመጠና «አንተ መምህር፣ የናንተ ፆም መቼ ነው የሚገባው?» ሲል ጠየቀኝ። «ጨረቃ ከታየች ቅዳሜ» አልኩት። በጣቱ ቆጠረና «የኛ ሁዳዴ ትናንት ሰኞ ገብቷል። እንግዲህ ከአስራ ስምንቱ ልጆቼ ውስጥ ምሳ የሚበላ የለም ማለት ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። የወረዳ ውድድር ደርሶበታል፣ ልምምዱን ከ10 ሰዓት በላይ ማዘግየት አልለመደም፣ ከቡድኑ ደግሞ ሰባቱ የኛ ልጆች ናቸው።

ይህ ሰው ክርስቲያን ነው። ሆኖም ያን ዕለት ያነሳቸው ጥያቄዎች ብዙ ሙስሊም ወላጆች ያላነሷቸው ነበሩ። የዐስር ሰላት ስንት ሰዓት ይገባል? መግሪብስ? የፆመ ልጅ ሮጦ ቢያዞረው ምን ይደረጋል? ወረቀት አወጣን። በዚያ ሰሞን እኛ ማክሰኝት ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ እልፍ ብሎ ነው። ልምምዱ 11 ሰዓት ላይ፣ ዐስር ከተሰገደ በኋላ እንዲጀመርና 12 ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲያበቃ፣ ልጁም ለኢፍጣር ቤቱ እንዲደርስ ተስማማን። ከባዱ ሩጫ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። ሌሎቹ ቀናት ለኳስ ቅብብልና ለአሰላለፍ ተሰጡ። የሁዳዴ ፆመኞቹም ከ9 ሰዓት በኋላ ቀምሰው፣ ትንሽ አርፈው የሚመጡበት ሰዓት ሆነላቸው።

ወሬው መስጊድ ደረሰ። ለዲኑ የሚቆረቆር አንድ ወጣት ወንድማችን ከሰላት በኋላ ያዘኝ። «ኡስታዝ፣ ለምን ልጆቻችንን ለይተን የራሳችንን ቡድን አናቋቁምም? አሰልጣኙ ሙስሊም ይሁን፣ ልምምዱ በቁርኣን ይከፈት፣ ሰላት ያልሰገደ አይሰለፍ» አለኝ። ኒያው መልካም ነው፤ አላህ ይመንዳው። እኔም በመድረሳ ያደግሁ ሰው ነኝና ሐሳቡ ልቤን አልነካውም ብል እዋሻለሁ። ግን በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል።

የመድረሳ ቡድን ከሆነ ማንም አይከለክለንም። ልጁም ወላጁም ምን እንደሚፈልጉ አውቀው የገቡበት ቤት ነው። በአሜሪካ በክርስቲያን ድርጅቶች የሚተዳደሩ ኮሌጆች አሉ። እዚያ ቤዝቦል የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ሳይቀር በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ዙሪያ የሚያዋቅሩ አሰልጣኞች አሉ። ተማሪው ኮሌጁን ሲመርጥ ይህን አውቆ ነውና ተበደልኩ አይልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቡድን ግን የሁሉም ልጅ ነው። እዚያ አሰልጣኙ በእጁ አንድ ከባድ ነገር ይዟል፤ ማን እንደሚሰለፍና ማን ተቀያሪ ሆኖ እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው።

በዚያው አገር፣ ዋሽንግተን በተባለው ክፍለ ግዛት፣ ብሬመርተን ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኝ የነበረ ኬኔዲ የሚባል ሰው ነበር። ከጨዋታ በኋላ ሜዳው መሐል ተንበርክኮ ይጸልያል። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ እያደር ተጫዋቾቹ ተከተሉት። ትምህርት ቤቱ ከለከለው፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለአሰልጣኙ ፈረደለት። እኔን ያሳሰበኝ ፍርዱ አይደለም። በክርክሩ መሐል የአንድ ተጫዋች አባት ያሰማው አቤቱታ ነው። ልጁ በዚያ እምነት ሳያምን ከሌሎቹ ጋር የተንበረከከው፣ ካልተንበረከከ እንዳይሰለፍ ፈርቶ እንደነበር ተናግሯል። ወንድሜ ሆይ፣ በዚያ ልጅ ቦታ የራስህን ልጅ አስቀምጠውና እየው! ዛሬ «ያልሰገደ አይሰለፍ» የምንል ከሆነ፣ ነገ ሌላ አሰልጣኝ ሌላ ነገር ሲል በምን አፋችን እንከራከራለን? ደግሞስ አሰልጣኙን ፈርቶ የሚሰግድ ልጅ ለማን ነው የሰገደው?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከአስለም ጎሳ የሆኑ ሰዎች ቀስት ሲወዳደሩ አግኝተዋቸው አበረታትተው፣ እርሳቸው ከአንደኛው ወገን ጋር መሆናቸውን እንደተናገሩ በቡኻሪ ተዘግቧል። ሌሎቹ ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። እርሳቸው በተቃራኒ ቆመው እንዴት ይወርውሩ? ምክንያቱን ሲሰሙ ከሁሉም ጋር መሆናቸውን ነገሯቸውና ውድድሩ ቀጠለ። እነዚያ የአንድ ዲን ሰዎች ነበሩ፤ ቢሆንም መሪ ወገን ሲለይ የሌላው እጅ እንደሚዝል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ለኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከኳስ ያልፋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የደረሰውን ማን ይረሳል? ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን ልጆች አንድ ማሊያ ለብሰው የሚሮጡበት ሜዳ ስንት ቀረን? በክልላችን በግጭት ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ዘመን፣ ልጅ ሜዳ ላይ ማየት ራሱ ኒዕማ ነው። ይህን ሜዳ በገዛ እጃችን ለሁለት እንድንከፍለው እኔ አልመክርም።

ታዲያ እምነት ከሜዳ ይውጣ ማለቴ ነው? አስተግፊሩላህ! ቦታው የት እንደሆነ ነው የምናገረው። በሚቺጋን፣ ዲርቦርን ከተማ ፎርድሰን የሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ረመዳን ነሐሴ ላይ ገባ፤ ከባዱ የቅድመ ውድድር ልምምድ በሚሠራበት፣ ሙቀቱም በሚበረታበት ጊዜ ማለት ነው። አሰልጣኙ ፉአድ ዛባን ልምምዱን ወደ ሌሊት አዞረው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምረው ሱሑር እስኪቃረብ ይሠሩ ነበር። ፆሙን የልጆቹ፣ ሰዓቱን የራሱ ሥራ አደረገው። እኛ ይህን ልንገለብጥ አንችልም፤ ሜዳችን መብራት የለውም፣ ሌሊት መውጣትም በዚህ ጊዜ አይመከርም። ሰዓት የማስተካከሉ ብልሃት ግን ለሁሉም አገር ይሆናል።

አንዳንድ ወጣቶች «ግጥሚያ ካለ ማፍጠር አይቻልም ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሩኽሳው በሱረቱል በቀራህ ለታመመና ለመንገደኛ ተሰጥቷል። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያገኝ መሐመድ ከድር ነሐስ ያገኘበት ሩጫ የተካሄደው በረመዳን ወር እኩሌታ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክም ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ረመዳን ውስጥ ነው ያለፈው። ያን ያህል ርቆ የተጓዘ ሰው መንገደኛ ነው፤ በኋላ ቀዷ ያወጣል። ከቤቱ ሜዳው ድረስ ሩብ ሰዓት የሚራመድ የማክሰኝት ልጅ ግን መንገደኛ አይደለም፤ ኳስ ጨዋታም ሩኽሳ አይሆንም። ለዚህ ነው ሸክሙ አዋቂዎቹ ላይ የሚወድቀው። ልጁ ፆሙን ማዛወር ስለማይችል እኛ ልምምዱን እናዛውርለት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ፣ ዌስሊ ፎፋና እንዲያፈጥር ጨዋታው ለአፍታ መቆሙን ልጆቻችን በሙሉ ያውቁታል። እዚያ የተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ስለ እህቶቻችንም አንድ ነገር ልበል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2014 ሴት ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ፈቅዷል። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ለኔዘርላንድ ሮጣ የማራቶን ወርቋን ስትቀበል ሒጃብ ለብሳ ነበር። ስለዚህ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚል መምህር ካጋጠማችሁ በትሕትና አስረዱት።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። አንድ አባት ልጁን ከቡድኑ አስወጥቶ ነበር፤ «ዐስር ያመልጠዋል» ብሎ። «አሰልጣኙን አነጋግረኸዋል?» አልኩት። አላነጋገረም። እንዲያውም መልኩን አያውቀውም! ይዤው ሄድኩ። ንግግሩ ሻይ የምንጠጣበትን ያህል እንኳ አልፈጀም፤ ልጁም በማግስቱ ተመለሰ። አርብ 7 ሰዓት ላይ የተያዘ ግጥሚያም ነበረን። ጁሙዓ እንዳለ ሲነገረው መምህሩ ራሱ ከሌላው ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግሮ ወደ 9 ሰዓት አዛወረው። ቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ እንጂ ተንኮል ኖሮበት አልነበረም።

በ2018 ሁዳዴና ረመዳን በሁለት ቀን ልዩነት ገቡ። መምህሩ በዚህ ጊዜ አልጠየቀኝም። አንድ ጠዋት ስገባ የልምምዱ ሰዓት ተስተካክሎ፣ የመግሪብ ሰዓት ሳይቀር በጎኑ ተጽፎ፣ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የረሳው አርብን ብቻ ነው፤ ሄጄ ነገርኩት።