ሮጠን ጠግበናል?

ለጋ ወጣት ሲሞት “ሮጦ ያልጠገበ ልጅ” ብለን እናለቅሳለን። ትልቅ ሰው ሲያርፍ ደግሞ “ሩጫውን ጨረሰ” እንላለን። በአነጋገራችን ከሄድን ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ሯጭ ነው። በኑሯችን ግን ሩጫው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ላይ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሲሮጥ የታየ ሰው ወይ አትሌት ነው፣ ወይ ታክሲ ሊያመልጠው ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ነገር ነክቶታል።

በእኛ ሰፈር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ማለዳ ማለዳ ቱታቸውን ለብሰው ሶምሶማ ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት “ደህና አይደሉም እንዴ ጋሼ? ማን እያባረረዎት ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው። “ድብርት ነዋ የኔ ልጅ! እንዳይደርስብኝ ነው” አሉ። ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሳቀ። እኔ ግን ሰውየው ቀልደዋል ብዬ አላምንም።

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በድብርት ሕመም የተያዙ 156 ሰዎችን በሦስት ከፈሏቸው፤ ሁሉም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው። አንዱ ቡድን መድኃኒት ወሰደ፣ ሌላው በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት ሠራ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ በሦስቱም ቡድኖች የታየው መሻሻል ተቀራራቢ ነበር። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሏል፣ እውነት ነው። (በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ አደራ!) ቢሆንም እግር ከኪኒን ጋር ትከሻ ለትከሻ መቆሙ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ያዘን? “ጊዜ የለም” እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ይላል። ለቀን ሲካፈል ሃያ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድ ማኪያቶ ይዘን ሰው ስናማ ስንት ደቂቃ እንደምንቀመጥ እስቲ ሰዓት እንያዝ!

ችግሩ ጊዜ ሳይሆን ክብር ነው። እኛ ዘንድ ክብር ማለት መቀመጥ ነው። ሹመት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀረው እርምጃ ነው፤ አለቃ ከመኪናው ወርዶ ቢሮው እስኪገባ ያለችው ሃምሳ ሜትር እንኳ ቦርሳ ተሸካሚ ይመደብላታል። የወፈረውን “አማረብህ፣ ተመችቶሃል!” እንላለን። የከሳውን “ምነው፣ አመመህ እንዴ?” እያልን እናስደነግጠዋለን። ደስታንም የምንፈልገው ተቀምጠን ነው። ድራፍቱ በመቀመጥ፣ ጫቱ በመቀመጥ። “ስፖርት እወዳለሁ” የሚለው ጓደኛችን እንኳ እንግሊዞች ሲራገጡ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጦ አይቶ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ተናዶ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው።

“እኛ እኮ የሯጮች አገር ነን!” የምትል ኩራትም አለችን። እነ ደራርቱ፣ እነ ኃይሌ፣ እነ ቀነኒሳ ሮጠውልናል፤ ልክ እንደ ዕድር ተወካይ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የወጣው፤ በኋላ ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። በዚያ ዕለት የሕዝቡን ፊት ያየ ሰው ስለ ስፖርትና ደስታ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። የማይተዋወቅ ሰው ውኃ ይረጫጫል፣ አብሮ ይጨፍራል። በማግስቱስ? ቲሸርቷ ቤት መወልወያ ልብስ ትሆናለች፣ ባለቤቷም እስከሚቀጥለው ኅዳር ወንበሩ ላይ።

“ድሀው እኮ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ነው የሚውለው፣ ለምን ደስተኛ አልሆነም?” የሚል ሞጋች አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥናቶቹም ቢሆኑ መንፈስን ይበልጥ የሚያድሰው ሰው ወዶና መርጦ የሚያደርገው እንቅስቃሴ መሆኑን ያሳያሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ስፖርት እየሠራች አይደለም፤ ሸክም ላይ ናት። ለእሷ ስለ ሶምሶማ መስበክ ድፍረት ነው። የምናገረው ለእኛ ለተቀማጮቹ ነው።

መርጦ መንቀሳቀስም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል። ልጅ ሆነን ኳስ የምንራገጥባቸው ሜዳዎች ዛሬ የት አሉ? አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሕንፃ ቆሞበታል። ሕንፃው ውስጥ ደግሞ ጂም ተከፍቷል። በነፃ ይሮጥበት የነበረው መሬት ላይ አሁን በወር እየተከፈለ ማሽን ላይ ይሮጣል፤ መክፈል ለሚችል! በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በወር አንድ እሁድ ለመኪና ሲዘጉ ሕፃንና አዛውንት አስፋልቱን የሞላው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቦታ ተጠምቶ ነው።

ከሁሉ የባሰባቸው ደግሞ ሴቶች ናቸው። አንዲት ወጣት ንጋት ላይ ሱሪዋን ለብሳ ሶምሶማ ስትወጣ ጥግ የቆመው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። “አንቺ፣ ለማን ነው የምትቀንሺው?” ይላታል አንዱ። ሌላው እየተከተላት ይሮጣል። ሦስተኛው እጁን ይዘረጋል። ስንቷ ናት በሁለተኛው ሳምንት ጫማዋን አልጋ ሥር የከተተችው? ይህንን ለከፋ እንደ ጨዋታ እያየን “እህቶቻችን፣ ለጤናችሁ ስፖርት ሥሩ” ብሎ በሬዲዮ መምከር ለእኔ ሌላ ለከፋ ነው።